አፍንጫዬ ወደ ሥራው ተመለሰ

ለምወድሽ፣ ለቁንጥንጧ የእህቴ ልጅ፤

እንዴት ከረምሽ? እንቅልፍሽስ፣ ወገብሽስ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ስትሯሯጪ የሚያብጠው እግርሽስ? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹ ከጉንፋኑ ተገላገሉ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት፤ እኔን ችላ መኖሯ ራሱ ለጤንነቷ ምስክር ነው። ይህን በስልክ እንዳልነግርሽ ነርስነትሽ እየመጣ «ትኩሳትስ አለህ?» እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንቺ አድምጪ።

ያ ክፉ ጉንፋን አፍንጫዬን ይዞት ከሄደ ወዲህ የሆንኩትን ታውቂያለሽ። አፍንጫ የሌለው ቡና ቀማሽ ምኑን ቀማሽ ሆነ? ምላስ የሚያውቀው ጣፋጩን፣ መራራውንና ኮምጣጣውን ነው፤ ሌላው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። የእኔ ሐሳብ ምን ነበር መሰለሽ? ጓደኞቼ ፊታቸውን ሲያኮማትሩ አብሬ እያኮማተርኩ ጡረታዬ ድረስ ልንሸራተት! አንቺ ግን «አጎቴ፣ ዛሬውኑ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔው ራሴ ለአለቃህ እደውላለሁ» ብለሽ አስፈራራሽኝ። ነገርኳቸው።

አለቃችን ሰምታ ስትጨርስ «ወንበርህን የሚነካው የለም። እስኪሻልህ ውሃ አፍላ፣ ስኒ እጠብ» አለችኝ። የድርጅቱ ባለቤቶች ግን ሌላ ቀማሽ ቅጠሪ እያሉ እንደወጠሯት ከፊቷ ይነበብ ነበር።

አፍንጫህን ያለማምዱልሃል ብለሽ በሻርፕሽ ጠቅልለሽ የላክሻቸውን የሽታ ብልቃጦች ጠዋት ማታ አሸተትኩ። ሎሚው ምንም፣ ቅርንፉዱ ምንም፣ ጽጌረዳው ምንም። ቡና የሚቆላልን ጓደኛዬ፣ ጭስ ጭስ ስለሚል ጢሶ የምንለው፣ «ጋሽ ፉጨት፣ ይኼ የሀብታም ሽታ ነው፤ ላንተ የሚሆነው እኔ ጋ አለ» ብሎ ካልሲውን አወለቀ። ፉጨት የሚሉኝ ቡናውን ከማንኪያው ስስበው ስለሚያፏጭ ነው፤ እናትሽ በልጅነታችን ሾርባ ስጠጣ ስትኮረኩመኝ የኖረችው በዚሁ አይደል? የካልሲው ዕለት እንኳንም አፍንጫ አልነበረኝ!

ከዚያ አንድ ጠዋት ቡናው ሸተተኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ የተቃጠለ ጎማ ነው የሚሸተው። ምርጡም ጎማ፣ መናኛውም ጎማ። ደውዬ «በቃ፣ አለቀልኝ» ስልሽ አንቺዬ እልል አልሽ! «መንገድ ስቶም ቢሆን እየመጣ ነው፤ ብልቃጦቹን እንዳትተዋቸው» አልሽኝ። ጎማ ሸተተኝ ብሎ እልል የተባለለት ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። አልተውኳቸውም።

ባለፈው ሰኞ አለቃችን ማንኪያዬን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጆንያ የወጣ ቡና በአምስት ስኒ ተቀድቷል። አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱን ስኒ ብቻ ልታበላሽ ትችላለች፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱን የምንቀምሰው። ሁሉም ቀምሶ እስኪጨርስ መናገር ክልክል ነው። ጎንበስ ብዬ ከላይ የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ገፋ ሳደርገው ማር ማር አለኝ። ማር! ጎማው የለም። ቀጠልኩ። አራተኛው ስኒ ላይ ግን ዝናብ ያገኘው አሮጌ ጆንያ ሸተተኝ። ስኒው ነው ወይስ እኔ? ያ ጎማ መልኩን ለውጦ መጥቶብኝስ ቢሆን?

«ጋሽ ፉጨት፣ አንተ ጀምር» አለችኝ አለቃችን። ብሳሳት ለአዲሱ ቀማሽ መንገዱን በገዛ እጄ መጥረጌ ነው። አንቺ «ንገራቸው» ያልሽኝ ትዝ አለኝና ያገኘሁትን ተናገርኩ፤ «አራተኛው ሻግቷል።»

«ፊትህን አዙር» አለችኝና ስኒዎቹን ስታቀያይር ሰማሁ። ዞሬ ቀመስኩ፤ ያ ጆንያ ጆንያ የሚለው ስኒ አሁን በበሩ በኩል ጫፍ ላይ ቆሟል። ደግማ አዞረችኝ፤ ደግሜ አገኘሁት። «እኔም የያዝኩት እሱን ነው። ከእኔ ሳትሰማ እንድታገኘው ብዬ ነው» አለችና ወንበሬን ሳበችልኝ። ጢሶ «ለማረጋገጫ ካልሲዬን ልድገምህ?» ቢለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ አመለጥኩ።

እንግዲህ የእኔ ልጅ፣ እኔ ዓይን አውጣ ነኝ፤ ማመስገን ላይ ግን አፌ ይተሳሰራል። እንጀራዬንም ጓደኞቼንም ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ። እድሜ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሻርፕሽን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። ሽቶ ነበር የጠበቅኩት። ምን ቢሸተኝ ጥሩ ነው? የተጠበሰ ሽንኩርት! እኛ ቤት ሆነሽ ስትማሪ ልብሳችንን ሁሉ ወጥ ወጥ ያሰኘሽው ያው ሽንኩርት። ባለቤቴ ልጠበው ብትል ከለከልኳት።

ባልሽን፣ ያን ዝምተኛ፣ ጀርባውን ቸብ አድርጊልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን፣ ትንሹን ሆዱን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። አንቺን ደግሞ፣ ስታበስይ የቁም ሣጥኑን በር ዝጊ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ክፍቱን ተይው።

አጎትሽ ፉጨት
ከቅምሻ ክፍሉ፣ ከራሴ ወንበር ላይ
ኅዳር 19 ቀን