ስለ ምሥጢር ሃይማኖት ለጠየቁኝ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ክንፉ፣

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በክረምቱ ያንገላታዎት ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ዳገት ሲወጡ ያፍንዎታል? ባለቤትዎ እትዬ ያለምዘውድስ እንዴት ናቸው? ልጃችሁ ኢየሩስ በስልክ «ዓይናቸው ተሽሏቸዋል» ብላኛለች፤ እውነት ከሆነ ፈጣሪ ይመስገን፤ እኔ እንዳላስብ ብላችሁ ያላችሁት ከሆነ ግን ሐቁን ጻፉልኝ። ወንድሟ ግሩም ሥራ አገኘ ወይ? የሰንዳፋ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በአካል ደህና ነን። ባለቤቴ መንገሻ ታክሲውን ይነዳል። እኔም የአረጋውያን መጦሪያው ኩሽና ውስጥ ሾርባ አጣራለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። ሰው ሲጠይቀን «ደህና» ማለት ለምደናል፤ ለእርስዎም ያንኑ ብዬ ልጀምር።

ይህን ደብዳቤ እሑድ ጀምሬው ዛሬ ሐሙስ ነው። እጄ እስክሪብቶ ከያዘ ብዙ ዓመቱ ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድብዎት ይታገሡኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ይሉ ይሆናል። በስልክ ዋሽቼዎታለሁ፤ በስልክ መልሼ ላርመው ስል ደግሞ ድምፅዎን ስሰማ አፌ ይተሳሰርብኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ በእሷ እጅ እልከዋለሁ።

የዋሸሁት ይህን ነው። የልጄን የምሥጢርን የቀብር ቪዲዮ ያዩ ጊዜ «ከኋላ ቆመው እያጨበጨቡ የሚዘምሩት ወጣቶች እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው» አልኩዎት። የሥራ ጓደኞቿ አይደሉም። ሳን ሆዜ ያለ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ልጄ ከመሞቷ በፊት ሰባት ወር ያህል ወደ እነሱ ትሄድ ነበር። ለእኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚልፒታስ በምትሠራበት ፋብሪካ ኦቨርታይም አለብኝ ትለኝ ነበር። እውነቱን የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው።

ከዚያ በነሐሴ ደወሉልኝ። «ኅዳር አሥራ አራት ሙት ዓመቷ ነው። ቄሰ ገበዙም ቪዲዮውን አይተውታል፤ ልጅቷ በምን ሃይማኖት ሞተች ብለው ጠይቀውኛል፤ ስሟ ከመጠራቱ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ» አሉኝ። እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ቁርጡን ከየት ላምጣው? መንገሻን ብጠይቀው «በእኛ ቄስ ፍትሐት ተደርጎላት በእኛ ሥርዓት ተቀብራለች፤ ምን ቀረ?» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ስለዚህ ከእነዚያ ወጣቶች አንዷ ለሆነች፣ ሳሌም ለምትባል ጓደኛዋ ደወልኩ። ይህቺ ልጅ በሠልስቱ ቀን መጥታ ከአጠገቤ ሳትለይ የዋለች ናት። «እኔ ላስረዳዎት አልችልም እትዬ ሮማን፤ ምሥጢር የወሰደችው ትሬይኒንግ እንደገና ሊጀመር ነው፤ እሷ የሰማችውን መጥተው ይስሙ» አለችኝ።

እኔም ሄድኩ ጋሼ። አይቆጡኝ። አራት ቅዳሜ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ተመላለስኩ። መንገሻን ኦቨርታይም አለብኝ አልኩት፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ።

ትሬይኒንጉ ለማያውቁት ሰው ስለ እምነት እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር ነው። አስተማሪው ወንድም ንጋቱ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ በአዘቦት ቀን ቧንቧ ይጠግናል። ልጠላው ነበር የሄድኩት፤ አልሆነልኝም። «አትከራከሩ፣ የማንንም እምነት አትንቀፉ፣ ልጸልይልህ ስትሉ መጀመሪያ አስፈቅዱ» ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምስክርነት ተማርን። ሰው ሕይወቱን በሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ጌታን ሳላውቅ እንዴት ነበርኩ፣ እንዴት አወቅሁት፣ ካወቅሁት በኋላ ምን ሆንኩ ብሎ። አንዷ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። ተራዬ ሲደርስ «እትዬ ሮማን፣ ጌታን ከማወቅዎ በፊት ሕይወትዎ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ። «እኔ የተጠመቅኩት በሰማንያ ቀኔ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የምታውቀው እናቴ ነበረች» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ለማሳቅ አልነበረም። ሰዓት ያዢዋም «ገና ሁለት ደቂቃ ተኩል አለዎት» አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥያቄ መጠየቅ ተለማመድን። አንዱ መንገደኛ ይሆናል፣ አንዱ ይጠይቃል። ሳሌም መንገደኛ ሆና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ «ዛሬ ብትሞት ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለህ?» የሚል ነው። ምሥጢር ይህን ስንት ሰው ጠይቃ ይሆን? ያን ቀን በዝናብ ከሥራ ስትመለስ፣ መኪናዋ ፍሪዌይ በሚሉት የፈጣን መኪና መንገድ ላይ ሲንሸራተት፣ እሷስ ታውቀው ነበር ወይ? ሳሌም ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችውና «ይዝለሉት፤ እኔም አልወደውም» አለችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ወረቀት ታደለንና «በልባችሁ ያሉትን፣ ጸሎት የሚያስፈልጋቸውን አምስት ሰዎች ስም ጻፉ» ተባልን። ለጸሎት ስም ጻፉ ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ለቄስ የሚሰጥ የሙታን ስም። ስለዚህ በክርስትና ስማቸው ጻፍኩ። ወለተ ሰንበት ብዬ ምሥጢርን አስቀደምኩ፤ ቀጥዬ አባባን፣ እማማን፣ ሁለቱን አክስቶቻችንን። ወንድም ንጋቱ ወረቀቴን አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ጎበዝ እትዬ ሮማን! በሉ ወለተ ሰንበትን በዚህ ሳምንት እንደውልላት፤ ስልኳን ይዘውታል?» አለኝ።

ሳሌም ተነሥታ በጆሮው ነገረችው። ሰውየው የሚገባበት ጠፋው። ቀስ ብሎ «ይህ እኮ በሕይወት ላሉት ነው፤ እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም» አለኝ። «ታዲያ የሞቱት ማን አላቸው?» አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ጽፈው እስኪጨርሱም ከአጠገቤ አልተነሣም።

ሰው ሲበተን ከፋይል ውስጥ የምሥጢርን ወረቀት አወጣልኝ። በእጅ ጽሑፏ አምስት ስም ጽፋለች፤ ሁሉም የፋብሪካ ሰዎች ናቸው። የእኔን ስም ፈለግሁ፤ የለም። የአባቷም የለም። «እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያስቀድመው እናቱን ነው። ስጠይቃት፣ እናቴ ናት እኮ ስለ ጌታ ለእኔ የነገረችኝ፣ እኔ ምን ልነግራት ነው? አለችኝ። ፈርታዎት መስሎኝ ተጫንኳት፤ አሁን ይቆጨኛል» አለኝ። ደግሞም እንደገና በውኃ እንድትጠመቅ ጠይቋት እንደነበር አልደበቀኝም። ምን አለችህ ብዬ ክንዱን ያዝኩት። «ቆይ አለችኝ» አለ።

ጋሼ፣ ቆይ ማለት ምን ማለት ነው? እምቢ አላለች፣ እሺ አላለች። ሳሌም ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትነካም ነበር፣ ስንስቅባት «ልማድ ነው» ትለን ነበር ትላለች። አንድ ቀን ይህን ይዤ ከእኛ አልወጣችም እላለሁ። በማግስቱ ሳህን እያጠብኩ፣ ካልወጣች ለምን ሰባት ወር ዋሸችኝ እላለሁ። ስሜን ያልጻፈችው አክብራኝ ነው ወይስ ተስፋ ቆርጣብኝ? ቆይ ያለ ሰው በየትኛው ወገን ይቆጠራል? እርስዎ መጽሐፉን ያውቁታል፤ እኔ ዞሮብኛል።

በአራተኛው ቅዳሜ ወደ መንገድ ወጣን። እኔና ሳሌም የፍሪሞንት ባቡር ጣቢያ ደረሰን። አንዲት ሻርፕ የተከናነበች የእኔ እኩያ ሴት አውቶቡስ እየጠበቀች በአማርኛ በስልክ ስታወራ ሰማናት። ስትጨርስ ሳሌም ወደ እሷ ገፋ አደረገችኝ። ሰላምታ ሰጠኋት። የት አገር ነሽ፣ መቼ መጣሽ፣ ሰዎችሽ ደህና ናቸው ወይ ስንባባል ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ሳሌም ሰዓቷን ታያለች። ሴትየዋ ዘሐራ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። «ልጆችሽስ? ስንት አሉሽ የኔ እናት?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ማንም አላስተማረኝም። «አንድ ነበረችኝ» አልኩና ሁሉን ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ቀብሩን፣ የእርስዎን ጥያቄ ሳይቀር። አውቶቡሷ መጥቶ ሄደ። «አመለጠሽ እኮ!» ስላት «ሌላ ይመጣል፤ አንቺ ጨርሺ» አለችኝ። ስጨርስ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። የቱን እንደምነግራት ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም ነገርኳት። እጇን ዘርግታ፣ በራሷ ሃይማኖት፣ ሁለቱንም ስም እየጠራች ዱዓ አደረገችላት። እኔም አሜን አልኩ።

መኪና ውስጥ ሳሌም የምትሞላው ፎርም አለ፤ ስንት ሰው ሰማ፣ ስንት ሰው ጸለየ የሚል። «እትዬ ሮማን፣ ምን ብዬ ልጻፍ? የጸለየችው እኮ እሷ ናት!» ብላ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ። ፎርሙን እንዳለ ባዶውን መለሰችው። አሜን ማለቴ ኃጢአት ከሆነ እሱንም ለቄሰ ገበዙ ይንገሩልኝ። ያን ቀን ግን ቤት ስገባ ርቦኝ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ረሃብ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

እንግዲህ ቁርጡን ላሉኝ ቁርጥ የለኝም። በምን ሃይማኖት ሞተች ቢሉኝ አላውቅም ነው የምለው። በእናንተ ደብር በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃለች፣ እትዬ ያለምዘውድ ክርስትና አንሥተዋታል፣ ሰባት ወር ሌላ ቤት ሄዳለች፣ ቆይ ብላለች። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ይህንኑ ሳይቀንሱ ለቄሰ ገበዙ ይንገሯቸው። መንገሻ «ዝም ብትዪ ስሟ ይጠራ ነበር፤ በገዛ እጅሽ ልታስከለክያት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ዝም ማለት ይቀል ነበር። ግን ልጄ በሕይወቷ እኔን ፈርታ ዋሽታለች፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ እኔ ሰው ፈርቼ ስለ እሷ ልዋሽ አልፈልግም። ቄሰ ገበዙ እሺ ካሉ ወለተ ሰንበት ብለው ያስጠሩልኝ። አይሆንም ካሉ አይጣሏቸው፤ ሌላ ደብር ወስደውም በድብቅ አያስደርጉልኝ። አይሆንም ተብሏል ብለው ይጻፉልኝ። እንዴት እንደምችለው አላውቅም፤ ከሌላ ሰው ከምሰማው ግን ከእርስዎ ይሻለኛል።

የእትዬ ያለምዘውድን ጉልበት ሳሙልኝ። ክርስትና እናቷ ናቸውና ደብዳቤውን ሳይዘሉ ያንብቡላቸው፤ ቢቆጡኝ ይገባቸዋል። ግሩምን አይዞህ በሉልኝ። ጎረቤቶቻችሁን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ኢየሩስን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ኢየሩስ ከምሥጢር ጋር ቴክስት ትጻጻፍ እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ ነገር ያጫወተቻት ካለ፣ ወደ እኛም ያለ ወደዚያም ያለ ቢሆን፣ አትቆጧት፤ ጽፋ ትላክልኝ። አንዲት መስመርም ብትሆን ትላክልኝ።

እህትዎ
ሮማነወርቅ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.