ዳሽቦርዱ ሰላሳ አምስት ይላል

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ዛሬ የስኖው ጎማ ቀየርኩ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ፣ በራሴ ክሪክ፣ በራሴ ጉልበት። አራቱን ከነቸርኬያቸው ሮክቪል ካለ ሰውዬ ነው የገዛኋቸው። ያገለገሉ ናቸው፣ ግን ጥርሳቸው ገና ነው።

ሱሃይብ ቆሞ ያየኛል። ይሄ ልጄን ሰጂዳን አገባለሁ የሚለው፣ አሌክሳንድሪያ ጎማ ቤት የሚሠራው። በአጭሩ ጎሚስታ። «ጋሽ ኢስሐቅ፣ እነዚህ እኮ ሴንሰር የላቸውም፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ነፋስ ቢጎድል መኪናው አይነግርዎትም።» አይነግርዎትም! ከደሴ አሰብ ተሳቢ ስነዳ ማን ነበር የሚነግረኝ? ወርጄ ጎማውን በእግሬ ነረት አደርገው ነበር። አለቀ።

«ከሱቃችን ላምጣልዎት?» አለ ደግሞ። አየኸው! ገና ሳይዛመደኝ ሊሸጥልኝ።

የድሮዎቹን ጎማዎች የት ላድርጋቸው? ባልኮኒው በሐፍሳ ጆንያና በብረት ድስት ሞልቷል። «ወዲህ እንዳታመጣብኝ» አለችኝ። ሚስት ሳትሆን ኬላ ናት። ፒካፑ ኋላ ላይ ጭኜ በገመድ ጠፍሬ አሰርኳቸው። እዚያው ይክረሙ።

ኖቬምበር 18

የት አለ የማስጠንቀቂያ መብራቱ? ሁለት ቀን ነዳሁ፣ አልበራም! ዳሽቦርዱ የአራቱንም ነፋስ ሰላሳ አምስት፣ ሰላሳ አምስት ይላል። ልክ መሆን ያለበት። ወይ ኤክስፐርት!

«ለዚያ ለጎሚስታሽ ንገሪው» አልኳት ሰጂዳን።

«ባባ፣ ስቶፕ ኢት።» እንግሊዝኛ የምታወጣው ስትናደድ ነው።

ኖቬምበር 20

ልጁ ደወለ። «ጋሽ ኢስሐቅ፣ የሚያነበው ከኋላ የጫኗቸውን ነው። ሴንሰሮቹ ያሉት እነሱ ውስጥ ነው። እስቲ አንድ ቀን አውርደው ይሞክሩት።»

ሳቄ መጣ። መኪና መሬት የረገጠውን ጎማ ትቶ ጀርባው ላይ የታዘለውን ይለካል? አህያ በጭነቷ ትራመዳለች በለኛ! እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ዲሴምበር 14 ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። ሐፍሳ «ምን ጎደለው?» ትለኛለች። ልጄ ነርስ ልትሆን አንድ ዓመት ነው የቀራት... ለጎሚስታ? የሰው አፍስ? ወሬኞቹ እነ ዓብዱ ላንግሊ ፓርክ ቁጭ ብለው ምን ይሉኛል? እምቢ እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ በግልጽ።

ኖቬምበር 27

ታንክስጊቪንግ። ሐፍሳ ኩርፊያ። ሰጂዳ ኩርፊያ። የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ።

ዲሴምበር 2

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደርግ ነበር፣ ተውኩት። ዳሽቦርድ እያለ ማን ይወርዳል? ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነድቼም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ጎማ ማለት እንዲህ ነው። የሮክቪሉን ሰውዬ አላህ ይስጠው።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ



ጠዋት የሰጂዳ መኪና አልነሳ አላት። አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ልምምድ አለባት። የፒካፑን ቁልፍ ሰጠኋት። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ዳር ይዛ ደወለችልኝ።

«ባባ፣ ወደ ቀኝ ይጎትተኛል።»

«ዳሽቦርዱ ምን ይላል?»

«ሰላሳ አምስት። ኦል ፎር።»

«በይ ንጂ! መንገዱ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ዊልሰን ድልድይ ላይ የፊት ቀኙ ፈነዳ። ከዳሩ አጥር ጋር ተላትማ ቆመች። ከኋላዋ የነበረው ትራክ ለጥቂት ነው የሳታት። ግንባሯ አብጧል፣ ሌላ ምንም የለም። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ... ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ለእኔ አልደወለችም። ለሱሃይብ ነው የደወለችው። ሥራውን ጥሎ ሄዶ፣ ትርፍ ጎማውን ገጥሞ፣ እየነዳ ይዟት መጣ። ሐፍሳ «ምን ሆኖ ነው?» እያለች ስትጮህ፣ «ሚስማር ነው የወጋው፣ ማንንም ያጋጥማል» አላት። ወደ እኔ አላየም።

ሚስማር?

ዲሴምበር 8

ከሥራ ቀረሁ። ከኋላ የጫንኳቸውን አራቱንም ጎማ አውርጄ ፓርኪንጉ ላይ ደረደርኳቸው። ጀርባው ባዶ የሆነ ፒካፕ ይዤ ጆርጂያ አቬኑን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል። ጢን! መብራቱ በራ። በቁጥሮቹ ቦታ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የራሴን ጭነት ሳነብ ከርሜያለሁ። ወይ ሹፌር! ጎማ ሲሞቅ ነፋሱ ይጨምራል። ይሄን የማያውቅ ረዳት አሰብ መንገድ ላይ አንድ ቀን አያድርም ነበር፣ ገፍትሬ ነበር የማወርደው። እኔ ግን ንቅንቅ አይልም ብዬ ደስ አለኝ! የቀሩትን ሦስቱን በመለኪያ ለካኋቸው። አንዱ አሥራ ዘጠኝ።

የሮክቪሉን ሰውዬ ደውዬ በስድብ ላጥበው ስልኬን አነሳሁ። ምን ብዬ? እሱ «ንጂ» አላላትም።

ዲሴምበር 9

ሰጂዳን ስለ ሚስማሩ ጠየቅኳት።

«ምንም ሚስማር አልነበረም። ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ አባትሽ እንዳያፍሩ ብሎ ነው» አለችኝ። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነደደኝ። ማነው ማዘን ያስተማረው? በሃያ ስምንት ዓመቱ ለእኔ ሊያዝንልኝ! ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

ዲሴምበር 11

አሁን እውነቱን ባወጣው ሐፍሳ ትገድለኛለች። ዝም ብል ደግሞ ማን ያውቃል? እሱ አያወራ፣ ልጅቷ አታወራ። ሚስማር ነው ብሎ ማለፍ ነው። እምቢ ብዬ ላባርረውም እችላለሁ፣ ያኔም ቢሆን አይናገርብኝም። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሦስት ሆነው። መሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዓብዱ! የሰው አፍ ብዬ የፈራሁት የላንግሊ ፓርኩ ዓብዱ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ።

«ኢስሐቅ፣ ልጁ ሥራው ዝቅ ያለ ይምሰልህ እንጂ...» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስማር እንዳልነበረ። ልጁ ሁለቴ እንዳስጠነቀቀኝና እንደሳቅኩበት። ጎማዎቹን ተሸክሜ ስዞር እንደከረምኩ። «በይ ንጂ» ያልኳትንም። ሐፍሳ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሷ ነገር ገና ነው፣ ይቆየኝ።

ዓብዱ መጀመሪያ አሳለው። ቀጥሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አንተ የአሰብ ሹፌር?» ብሎ በሳቅ ፍርስ አለ። የሰደብኩት ሰው ሁሉ እዚያ ሳቅ ውስጥ ነበረ። ዋጥኩት።

ዓይኑን ጠርጎ፣ «እሺ፣ ልጅህን ትሰጠናለህ ወይስ አትሰጠንም?» አለ።

ሰጂዳን ጠራኋት። ሽማግሌ ፊት ልጅቷ አትጠራም፣ አውቃለሁ። ዓብዱም «ኧረ ነውር ነው» አለ። እሷ ግን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግንባሯ ላይ ከእብጠቱ ትንሽ ቢጫ ቀርቷል።

«ባባ ያለውን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ባባ ያለውን ብለሽ አይደል እንዴ ድልድዩ ላይ የቆምሽው? አንቺው በይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ ብያለሁ» አለች።

ፋቲሓ አደረግን። እሷ አለቀሰች፣ እኔም እዚያው፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ እንደ ሕፃን። ዓብዱ ይሄን ሁሉ ነገ ለላንግሊ ፓርክ ያወራዋል።

ያውራ።