ምጥሽ ቅዳሜ ሊሰማ ነው

አስኒዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው የቡና ለቀማ ደረሰ። የጓሮውን ብቻዬን ለቅሜ አሰጣሁት፤ ሳላገላብጠው ይውላል። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛል፣ ቁጭ ብድግ ነው።

ያስጨነቀችኝ ልጃችን ናት። ሜሮን ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እየተማረች ፊልም መሥራት ጀምራለች። ሳጥንሽን ስታራግፍ ያንን ካሴት አገኘችው። ታስታውሻለሽ አይደል? እሷን ስታምጪ ጎረቤታችን አዴ ፋጤ «ወንድ እዚህ ምን ይሠራል!» ብለው ሲያባርሩኝ፣ የልጄ የመጀመሪያ ድምፅ እንዳያመልጠኝ ቴፑን ለቀረጻ ከፍቼው ወጣሁ። በኋላ ብቻሽን ሰምተሽው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልሽ። እኔ እንኳ ሳልሰማው ደበቅሽው።

ሜሮን እሱን አጭር ዘጋቢ ፊልም አደረገችው። ሙከራ ነው ትላለች። ሰው የሚባል አይታይበትም፤ የተወለደችበት መኝታ ቤት ብቻ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ባዶው አልጋ። ድምፁ ግን ያንቺው ነው። አንቺ «ማርያም! ማርያም!» ትያለሽ፣ አዴ ፋጤ «ያ ረቢ! ጀባዱ ልጄ፣ በርቺ!» ይላሉ። ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ለሰው ልታሳየው ነው፣ እኔ እሺ ካልኩ።

ምን ልበል? የሰኮሩዋ እህትሽ ሰምታ ኡኡ አለች። የሟች ምጥ አደባባይ አይወጣም፣ ነውር ነው አለችኝ። ሜሮን ደግሞ እናቴ እኔን ስትወልድ መጮኋ ምኑ ያሳፍራል ብላ አኮረፈች። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። የጅሬንን ዳገት ወጥቼ እወርዳለሁ፤ ልቤ አያርፍ።

ትናንት ጨክኜ ሰማሁት። አስኒ፣ እንዴት እንደጮህሽ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉሽ። አንቺ ግን በዚያ በደከመ ድምፅሽ «አባቷ ምሳ በላ?» አልሽ። የኔ እብድ! እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር።

ለሜሮን እሺ አልኳት። ጩኸትሽን ይስሙት፤ ሁሉም በእናቱ ምጥ ነው የመጣው። ያቺን የምሳዋን ቃል ግን ቁረጪልኝ አልኳት። ከፊልሙ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት ብላ ተጣላችኝ። ትጣላኛ! ያቺ ቃል የኔ ናት። እስክንገናኝ በልቤ ይዣት እኖራለሁ እንጂ ለማንም አልሰጣትም።

አልበላሁም፣ አስኒ። ከሄድሽ ወዲህ የሚጠይቀኝም የለም።