ለእማዬ የተጠረገው ቦታ

ውድ እህቴ ሎሬታ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ቪንሰንትስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አንቺ አሪዞና ፀሐይ ላይ ሆነሽ ይህን ስታነቢ እኛ እስከ ጉልበታችን በረዶ ውስጥ ነን። ቢሆንም እማዬ ደህና ናት። የጻፍኩልሽም እንዴት ደህና እንደሆነች ልነግርሽ ነው።

ቅዳሜ በበረዶው ምክንያት የኩላሊት እጥበቷ አመለጣት። ማክሰኞም ከቀረች ሕይወቷ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ሐኪሟ ነግሮኛል። መንገዳችንን ታውቂያታለሽ፤ ለፈረስ ጋሪ የተቀደደች ናት፣ በረዶ ጠራጊ መኪና አይገባባትም። እማዬን ወደ ሕክምናው የሚወስደው መኪና መቆም የሚችለው ዋናው መንገድ ጥግ ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ እዚያው ጥግ አንድ ሰው ቦታ ጠርጎ፣ ሌላ መኪና እንዳይቆምበት የወጥ ቤት ወንበር አስቀምጦበታል። በወንበር ቦታ መያዝ እንዴት እንደሚያበሳጨኝ ታውቂያለሽ። መንገድ የሕዝብ ነው! ወንበሩን አንስቼ ግድግዳ አስደግፌው ገባሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ካርሜላ በሩን ደበደበች። የማናውቀው ሰው መኪናውን እዚያ አቁሞ ሄዷል። ቦታውን የጠረጉት እሷና ልጇ ሳል ነበሩ፤ ለእማዬ ብለው። እንዳልጮህባቸው ፈርተው ሳይነግሩኝ ቀሩ። ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኳቸውና ስድቡን ጠበቅሁ። ሳል ግን «መሐንዲሱ፣ ንግግሩ ይቆይህና አካፋህን ያዝ» አለኝ።

እማዬን የሚወስደው መኪና ሊመጣ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ካርሜላ በየበሩ እያንኳኳች ስትጣራ ዘጠኝ ሰው ወጣ፤ አምና ስለ ቆሻሻው የከሰስኩት ሰውዬ ሳይቀር። ድንጋይ የሆነውን በረዶ ፈልጠን ሌላ ቦታ ከፈትን።

እማዬን ደግፈን ስናወጣት ወንበሩን ማን እንዳነሳው ጠየቀች። ሳል ቀና ሳይል «ነፋስ ነው፣ እማማ» አላት።

እሷም እኔን አየት አድርጋ «የሰፈራችን ነፋስ ዲግሪ አለው ማለት ነው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ጭምር። ከሰዓት በኋላ እጥበቷን ጨርሳ በሰላም ተመለሰች። ሳምንት ሊሆነው ነው፣ እስካሁን ነገሩን ያነሳብኝ ሰው የለም። ምስጋናዬን እንኳ ጨርሼ እንድናገር አልፈቀዱልኝም።

ባለፈው ደብዳቤዬ እዚህ ሰው የሚባል የለም፣ ቤቱ ተሽጦ እማዬ አንቺ ጋ ትምጣ ብዬሽ ነበር። ያንን ደብዳቤ ቅደጂልኝ።

ቪንሰንትን፣ ቴሬዛን፣ ትንሹን ፖልንም ሳሚልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በየስማችሁ እየጠራች ሰላም ትላለች። ካርሜላም «ለእናትሽ አታስቢ በላት» ብላኛለች።

ወንድምሽ ጄራርድ
ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን