ያልመለስኩልህ እርግጫ

ግዳንስክ፣ ፖላንድ፣ ረቡዕ ጠዋት

ለሰሌዳ ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? የአባትህ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ሾርባ የሚጋራኝ ሰው ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ። አከራያችን ወይዘሮ ሃልሽካ ዛሬም የኮመጠጠውን የኪያር ሾርባ ለሁለት ሰው ሠርተው፣ ያ ከሲታ የት ገባ? አሉኝ። ጥርሱን አሞት አባቱ ቤት ሄዷል አልኳቸው። አንተ የላክህልኝ መልእክት ይኸው ብቻ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። ኧረ ጥርስ! እሳቸውም አላመኑኝም።

ይኸውልህ፣ ቦታውን አገኘሁ። በኳንተም መረጃ ለዶክትሬት ዘንድሮ የተከፈተችው ያቺ አንዲት ቦታ፣ ሁለታችንም ስንዘጋጅላት የከረምንባት፣ የኔ ሆነች። ከአዳራሹ ስወጣ የምነግረው ሰው አጥቼ ትራም ፌርማታው ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እዚያው ፌርማታ ላይ ነበር፣ በፈተናው ዋዜማ፣ እንደዚህ አገር ልማድ ለዕድል ብለህ ከኋላዬ አንድ እርግጫ ያቀመስከኝ። እንደ ወጉ አላመሰገንኩህም፤ ያመሰገነ ሰው ዕድሉ ይበላሽበታል። በተራዬ ልመልስልህ ስል እየሳቅክ ሸሸህ። ተይ፣ እኔ አያስፈልገኝም አልከኝ። ጉረኛ! ብዬ ሰደብኩህ። ስትጎርር አይቼህ አላውቅም እኮ፤ እንዴት አልገባኝም?

በማግስቱ ከኔ በፊት የተጠራኸው አንተ ነህ። ደጋግመው ሲጠሩህ ደረጃውን ደረጃውን አያለሁ፤ አልመጣህም። ከኔ እንደምትበልጥ እኔም አንተም እናውቃለን። ከዚያ እኔን አስገቡኝ።

ጉዴን ደግሞ ስማ። ፈታኟ ፕሮፌሰር ብሮኒስዋቫ የሰጡኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች የተቆራኙ ቅንጣቶችን ተካፍለው ተራርቀዋል፤ አንዱ የራሱን ድርሻ ቢነካካ ሌላው ምን ያውቃል? አንድ ሰሌዳ ላይ ስናጠና እንደለመድነው ሁለቱን በኔና ባንተ ስም ጻፍኳቸው። ስምህን ስጽፍ ሳላስበው እርስ በርስ በስልክ አደዋወልኳቸው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ ለነዚህ ሰዎች ስልክ የሰጣቸው ማነው? ቢሉ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ያለ ስልክ፣ አንተ እዚያ የፈለግከውን ብታደርግ እኔ ጋ ጠብ የሚል ወሬ የለም። አንድም ሳልስት አረጋገጥኩት። ያሳለፈኝም እሱ ነው።

ስለ አንተ ጠየቅኳቸው። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ከመጣ እንሰማዋለን አሉ። እኔም የምፈርመው ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ቦታዋ አልተዘጋችም። የቀረኸው በጥርስህ ከሆነ ስለጠረጠርኩህ ይቅር በለኝ። አዝነህልኝ ቦታዋን ትተህልኝ ከሆነ ግን በጣም ነው የተናደድኩብህ! እዚያ ሆነህ የወሰንከውን እኔ እዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም፤ ሰሌዳ ላይ አረጋግጬዋለሁ። ስለዚህ ስልክህን ክፈት። ብትመጣ ደግሞ ይሻላል፤ ፌርማታው ላይ እርግጫህን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

ለአባትህ ብርታት፣ ለአንተም የቀና መንገድ ይስጥልኝ። ናፍቀኸኛል። አመሰግናለሁ ግን አልልህም፤ ገና አልፈረምኩም።

የሰሌዳ ጓደኛህ