በገዛ እጅ ስላልተጻፈ ማመልከቻ

ለተከበሩ የመታሰቢያ ነጻ የትምህርት ዕድል ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ እንዲሁም በማዕረግ መጨረሻ ቢጠሩም ይህንን ፖስታ ከሁሉም ቀድመው ለሚከፍቱት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝላችኋለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከሕሊናዬ በቀር ደህና ነኝ።

እንደምታስታውሱት ይህ ዕድል የቆመው የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ማጥናት ለሚፈልጉ የሕግ ተማሪዎች ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም ዳኛን በኮቴው ለይቶ ያውቅ ስለነበር የፍርድ ቤት ሰዎች «ጆሮው» እያልን እንጠራው ለነበረው ዓይነ ስውር ጠበቃ፣ ለሟች ወዳጄ ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚከተለው አቤቱታ በእናንተ ላይ የቀረበ ቢመስልም፣ ተከሳሹን ለማወቅ በደንቡ የመጨረሻ ገጽ ያለውን ፊርማ ማየት ይበቃል።

፩ኛ. አንዲት ዓይነ ስውር የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የዓይነ ስውራን ፊርማ ያለ ምስክር ለምን እንደማይታመን ለማጥናት፣ በሚናገር ኮምፒውተር ራሷ የጻፈችውን ዘጠኝ ገጽ ማመልከቻ «በአመልካቿ የእጅ ጽሑፍ ያልቀረበ» ብላችሁ መልሳችሁላታል። «ለቦርዱ የሚቀርብ ማናቸውም ጽሑፍ በአቅራቢው እጅ ይጻፍ» የሚለውን አንቀጽ አራትን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጥያቄ ሳታነሡ ስለጠበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ የገዛ ልጆቼ እንኳ ቃሌን እንዲህ አክብረውልኝ አያውቁም።

፪ኛ. የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በስልክ «ደንብ ነው የኔ ልጅ፤ ሰው ፈልጊና በእጁ ይጻፍልሽ» ብለው በአባትነት መክረዋታል። «ታዲያ ያ የኔ እጅ ሊሆን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን ኔትወርኩ እንደጠፋባቸው ሰምቻለሁ። በሠላሳ ሁለት ዓመት የዳኝነት ዘመኔ ለከባድ የሕግ ጥያቄ እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ አላጋጠመኝም።

፫ኛ. ቀጥላ ወደ እኔ ደወለች። «ጋሼ፣ አንቀጽ አራትን ያረቀቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ፤ ምክንያቱን ለጥናቴ ፈልጌው ነበር» አለችኝ፤ ያለ አንዳች ቁጣ። እኔም ዕድሜ ልኬን የለመድኩትን አደረግሁ፦ ቀጠሮ ሰጠኋት።

ምክንያቱን እነሆ ለእናንተ ልናገር። ያኔ «የሰው ጠባዩ ከእጅ ጽሑፉ ይታወቃል» ብዬ ተመጻድቄ ነበር። እውነቱ ግን የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ስለነበር ብቻ ነው። ከሟች ጋር ስንማር የጥናት ወረቀቱን እሱ እየተናገረ እኔ እጽፍለት ነበር፤ ውጤት ሲመጣም በገዛ እጅ ጽሑፌ ይበልጠኝ ነበር። «ጽሕፈትህ ያምራል ይላሉ፤ እኔ የማውቀው መዘግየቱን ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። እንግዲህ ጆሮው ዛሬ ከመቃብር ተነሥቶ ቢያመለክት፣ በእኔ ደንብ መሠረት በራሱ ስም የቆመውን ዕድል አያገኝም። ወዳጄን አስታውሳለሁ ብዬ በር ላይ ያስቆምኩት እኔው ነኝ።

ደንቡ የሚሻሻለው በአርቃቂው የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ይህንንም ያስገባሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ አንቀጽ አራት እንዲሰረዝ መስማማቴን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። የምትወስኑት ሐሙስ ነው። ልጅቷ ዕድሉን ካጣች የመጨረሻ ዓመቷን መቀጠል አትችልም፤ እኔም የሰጠኋት ቀጠሮ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበባችሁልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ የሐሙሱ ስብሰባችሁ የተሳካ፣ ከአርቃቂው ብልህነትም የላቀ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ዳኛ፣ የደንቡ አርቃቂና የቀድሞ ቆንጆ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ስለሆነው፣ ይህንን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ በኮምፒውተር የጻፈችልኝ ልጄ ናት። ስለዚህ በአንቀጽ አራት መሠረት ሳታነቡ ልትመልሱት ይገባ ነበር። ከተቀበላችሁት ግን፣ የእኔን ተቀብላችሁ የተማሪዋን የመለሳችሁበትን ምክንያት ለራሷ በጽሑፍ ግለጹላት፤ ለጥናቷ ትፈልገዋለች።