ከላሜራው የምትወድቀው ወፍ

ጉዲሳ ወንድሜ፣

ከዚህ ካርድ ጋር አሥራ አንድ የመጋዝ ምላጭ ታገኛለህ። ያው ክር የሚያህለው፣ ፋብሪካው ማምረት አቁሟል ያሉህ ነው። የተሰበረችውን ናሙናህን ይዤ ሾላ ገበያን ስዞር፣ ሁሉም ያንን ትልቁን የብረት መጋዝ ሲያወጣልኝ ዋለ። በመጨረሻ አንዲት ባለሱቅ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጋ ወደሚኖሩት ጋሽ በዳዳ ላከችኝ።

ጋሽ በዳዳ ዕድሜያቸውን በሙሉ በየካ ሰው የላሜራ በር ላይ አበባና ወፍ ሲቆርጡ ኖረዋል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቤታቸው ስገባ፣ ከየበሩ ተቆርጦ የወደቀው ቅርጽ ሁሉ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ ኮከብ በለው፣ ርግብ በለው። አንተ ጅማ ላይ ቁርጥራጭ ብለህ ጆንያ ውስጥ የምትወረውረው! ይህንን ብነግራቸው ከልባቸው ተቆጡ። «ቀዳዳው የባለበሩ ነው፤ የወደቀው ግን የሠሪው ነው» አሉኝ።

ዋጋ ስጠይቃቸው ስለ አንተ ጠየቁኝ። በእናትህ በር ላይ ከመስከረም ጀምሮ ጅራቷ ሳይቆረጥ የቀረችውን ወፍ ነገርኳቸው። ወዲያው ምላጮቹን ከነወረቀታቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ አንዷን ግን መልሰው ለራሳቸው አስቀሩ። በዚያ እጃቸው ምን ሊሠሩባት እንደሆነ ለመጠየቅ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

ቦታው አለቀብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፣ እህትህን ለሊሴንም ናፍቀሽዋል በላት። ወፏ ስትወድቅ ደግሞ አደራ እንዳትጥላት፣ ላክልኝ፤ ጋሽ በዳዳ ግድግዳቸው ላይ ምስማሯን መትተው እየጠበቋት ነው።

ሱፊያን